ስፌቱ የጠፋ ኮንክሪት፦ የናይሮቢ ግድግዳዎች በስክሪን ላይ

ኪሊማኒ፣ ኪሌሌሽዋና ዌስትላንድስ በሚባሉት የናይሮቢ ሰፈሮች አፓርታማ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው መሠረቱ ሳይቆፈር ነው። ገዢው የሚያየው ምስል ብቻ ነው፤ በቆርቆሮ አጥር ላይ የተለጠፈ ወይም በዋትስአፕ የተላከለት። እሱን አይቶ ቀብድ ይከፍላል። አዲስ አበባም ከዚህ አይለይም። በኮምፒውተር የተሠራ የሕንፃ ምስል (ሬንደር) ምን ያህል ሊታመን ይችላል የሚለው ጥያቄ እንግዲህ ከሠሪዎቹ አልፎ ቀብድ ከፋዩንም ይመለከታል። በዚህ ዳሰሳ ከጥያቄው አንዱን ክፍል፣ ኮንክሪቱን፣ አነሣለሁ።

ኮንክሪትን የመረጥኩት አስቸጋሪ ስለሆነ ነው። መስታወት ሰማዩን ያንጸባርቃል፤ እንጨት የራሱ መስመር አለው፤ ሁለቱም የተመልካቹን ዓይን ይዘው ጥቃቅን ስሕተቶችን ይሸፍናሉ። ኮንክሪት ከገጹ በቀር የሚያሳየው የለውም። ገጹ ትንሽ ከተዛባ ሕንፃው በሙሉ የወረቀት ሞዴል ይመስላል።

ሬንደር ሠሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዋና መሣሪያ ስፌት አልባ ቴክስቸር ነው። የአንድ ግድግዳ ቁራጭ ፎቶ ይነሣል፤ የምስሉ ግራ ዳር ከቀኙ፣ የላይኛው ከታችኛው ጋር ሲገጥም መጋጠሚያው እንዳይታይ ይታረማል፤ ከዚያ ያው ምስል ጎን ለጎንና ላይ በላይ እየተደረደረ ግድግዳውን ሁሉ ይሸፍናል። የቆየው የማረሚያ ዘዴ ምስሉን በወርዱና በቁመቱ ግማሽ ያህል ማንሸራተት ነው። ዳር የነበረው መሐል ይመጣና ስፌቱ ይጋለጣል፤ እሱን ከሌላ የምስሉ ክፍል በተቀዳ ገጽ መሸፈን ነው። ፎቶሾፕ ከፍቶ የሚያውቅ ሰው በአንድ ከሰዓት ይማረዋል።

ዋናው ችግር የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። 4096 ፒክስል ስፋት ያለው ምስል 2 ሜትር ግድግዳ ከያዘ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር ሁለት ፒክስል ገደማ ይደርሰዋል፤ ለቅርብ እይታ በቂ ነው። ያንኑ ምስል 105 ሜትር ቁመት ባለው ሕንፃ ላይ ስናደርገው ግን ከታች እስከ ላይ ከ50 ጊዜ በላይ ይደገማል። በምስሉ ውስጥ አንዲት ጠቆር ያለች ነጥብ ካለች ከ50 በላይ ነጥቦች በቀጥታ መስመር ይሰለፋሉ። ከሩቅ የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ መናገር ባይችል እንኳ አንድ የማይጥም ነገር ይታየዋል። ነጥቧን ማጥፋት ይቻላል፤ ብዙዎች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። ለየት ያለውን ሁሉ እያጠፉ ሲሄዱ ግን የሚቀረው የማንም ሕንፃ ያልሆነ ደረቅ ግራጫ ነው።

አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ኮንክሪትን እውነተኛ የሚያስመስሉት ስፌቶቹ ናቸው፦ የትናንቱ ሙሌት ከዛሬው የተገናኘበት መስመር፣ ኮንክሪቱ የፈሰሰበት ፎርምወርክ ጣውላ ዳር፣ ዝናብ የወረደበት ጥቁር ምልክት። ስፌት አልባው ምስል መነሻ ነው፤ በእነዚህ ካልተሞላ አይታመንም። የሚሞላበትም ነገር ሕንፃው ከሚቆምበት ከተማ መምጣት አለበት።

የዘዴው ታሪክ ሃምሳ ዓመት ሆኖታል። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኤድ ካትሙል በ1974 በዩታ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የዶክትሬት ጥናት ሥዕልን በኮምፒውተር በተሠራ ቅርጽ ላይ የማልበስን ሐሳብ አስተዋወቀ። በ1978 ጂም ብሊን ቅርጹን ሳይነካ ብርሃኑን ብቻ በማታለል ለስላሳውን ገጽ ጎርበጥ የሚያስመስል ስሌት ጨመረበት። የዛሬው ኖርማል ማፕ የዚያ ልጅ ነው። ኬን ፐርሊን በ1985 ያሳተመው ደግሞ ፎቶን ጨርሶ የሚያስቀር መንገድ ነበር፦ ማንም ካሜራ ሳያነሣ ደመናን፣ እብነ በረድንና ሻካራ ገጽን ከሒሳብ ማመንጨት። ለዚህ ሥራው በ1997 የኦስካር ድርጅት የቴክኒክ ሽልማት ሰጥቶታል። የፐርሊን ገጽ አይደገምም፤ ለኮንክሪት ግን ብቻውን አይበቃም። ሒሳቡ ብዥታንና ነጠብጣብን ይሰጣል እንጂ አናጢው ጣውላውን በየት በኩል እንደገጠመ አያውቅም።

ቀጥሎ የመጣው ትውልድ ከአንድ ትንሽ ፎቶ ሰፊ ገጽ ማሳደግን ፈለገ። አሌክሲ ኤፍሮስና ቶማስ ሊየንግ በ1999 ፒክስልን በፒክስል፣ ኤፍሮስና ዊልያም ፍሪማን በ2001 ቁራጭን በቁራጭ እየሰፉ ይህን አሳዩ። በ2018 ኤሪክ ሃይትዝና ፋብሪስ ኔሬ ያቀረቡት ዘዴ ለሥራችን የበለጠ ይቀርባል። ከአንዱ ምስል በዘፈቀደ የተወሰዱ ቁርጥራጮችን የቀለሙን ስርጭት ሳያደበዝዝ ያቀላቅላል፤ ድግግሞሹ ይጠፋል፤ ፍጥነቱም ለቪዲዮ ጨዋታ የሚበቃ ነው። ለለስላሳ የሲሚንቶ ልስን ግሩም ነው። የጣውላ መስመር ላለበት ኮንክሪት ስትሰጠው ግን መስመሮቹን አንዱን በሌላው ላይ ደርቦና አደብዝዞ ጥላ ያስመስላቸዋል። ዘዴዎቹ በአብዛኛው በዚህ ቦታ ይሰናከላሉ፦ ዝብርቅርቅ ያለውን ይችላሉ፣ የተሠራበት ሥርዓት ያለው ግን ያስቸግራቸዋል። ኮንክሪት ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ገጽ ይይዛል።

አሁን በስቱዲዮዎች የተለመደው ብሬንት በርሊ በ2012 ከዲዝኒ ባቀረበው አካሄድ ላይ የቆመ አሠራር ነው። አንድ ቁስ በበርካታ ምስሎች ይገለጻል፦ አንዱ ቀለሙን፣ አንዱ ሸካራነቱን፣ አንዱ የገጹን አቅጣጫ፣ አንዱ ከፍታና ዝቅታውን ይይዛል። እነዚህ በመረጃ መሞላት አለባቸው እንጂ በግምት አይሆኑም። ኮንክሪት እንደ ሲሚንቶውና እንደ ዕድሜው ከሚወድቅበት ብርሃን ከ20 እስከ 40 በመቶ ገደማ ይመልሳል፤ ፊት ለፊት ሲታይ እንደ መስታወት የሚያንጸባርቀው ግን 4 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በናይሮቢ አጥሮች ላይ የማያቸው ብዙዎቹ ምስሎች ከዚህ በላይ ያበሩታል፤ ነጭ ቀለም ሊመስል ምንም አይቀረው። ማይክል ኦረንና ሽሪ ናያር በ1994 ያሳዩት ሌላ ነገርም ይዘነጋል፦ ሻካራ ገጽ ወደ ዳሩ ሲሄድ ለስላሳው ገጽ የሚጨልመውን ያህል አይጨልምም። ሙሉ ጨረቃ ዳሯ እንደ መሐሏ የሚበራው ለዚህ ነው። ክብ የኮንክሪት ኮለን በተለመደው ስሌት ሲሠራ ፕላስቲክ የሚመስለውም ለዚሁ ነው።

ወደ ናይሮቢ እንግባ። የከተማይቱ ስመ ጥር ኮንክሪት ግራጫ አይደለም። በ1973 ተጠናቆ በዚያው ዓመት የዓለም ባንክና የአይ ኤም ኤፍን ጉባኤ ያስተናገደው የኬንያታ ዓለም አቀፍ የስብሰባ ማዕከል 28 ፎቅና 105 ሜትር ነው። ኖርዌያዊው ካርል ሄንሪክ ኖስትቪክ ከኬንያዊው አርክቴክት ዴቪድ ሙቲሶ ጋር የሠራው ይህ ግንብ ወደ ሸክላ የሚያደላ ቀላ ያለ ቡናማ ነው። ኮንክሪት ብለህ በማንኛውም የቴክስቸር ስብስብ ብትፈልግ የሚመጡልህ መቶ ግራጫዎች ናቸው። አንዱንም ወስደህ ይህን ሕንፃ መሥራት አትችልም። በላዩ ያሉት ቋሚ የጥላ መስመሮችም ከቴክስቸር የሚመጡ አይደሉም፤ በቅርጽ መሠራት አለባቸው። በስክሪን ላይ ያየኋቸው አንዳንድ የማዕከሉ ሞዴሎች ጥላውን በምስሉ ውስጥ አትመውት ፀሐይዋ ስትዞር ጥላው ባለበት ይቀራል።

ከሐውልታዊ ሕንፃዎች ወረድ ስንል ነገሩ ይለወጣል። ተራው የናይሮቢ አፓርታማ የኮንክሪት አጽም ነው፤ መሐሉ የሚሞላው ከንዳሩጉና ከመሳሰሉት የድንጋይ ማውጫዎች በመጣ በማሽን የተቆረጠ ድንጋይ ነው። እኛ በኢትዮጵያ ብሎኬት በምናስገባበት ቦታ እነሱ ድንጋይ ያስገባሉ። ከዚያ ይለሰንና ቀለም ይቀባል። ራቁቱን የሚታየው ኮንክሪት ኮለኑ፣ ቢሙና የሶሌታው ዳር ነው። በምስሉ ላይ ሙሉ ግድግዳ ሆኖ የሚቀርበው ጥርት ያለ ኮንክሪት ሲገነባ ብዙ ጊዜ ልስን ሆኖ ይወጣል። ይህን ልዩነት ገዢው የሚያውቀው ቁልፍ ሲረከብ ነው።

ከቴክስቸር ስብስቦቹ በብዛት ከሚወሰዱት አንዱ በእኩል ርቀት ስድስት ክብ ቀዳዳዎች ያሉበት ለስላሳ ፓነል ነው። ምንጩ ጃፓናዊው አርክቴክት ታዳኦ አንዶ ነው። የእሱ ፓነል ወርዱ 90 ቁመቱ 180 ሴንቲ ሜትር ሲሆን በታታሚ ምንጣፍ ልክ የተቆረጠ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ሠራተኛ የሚያውቀው ፕላይውድ ግን 1.22 በ2.44 ሜትር ነው፤ ጣውላ ሲጠቀምም 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወርድ ያለው ሳንቃ ይደረድራል። የጃፓኑ ፓነል በኪሊማኒ ሕንፃ ላይ ሲለጠፍ የመስኮቱ ወርድ ከመጋጠሚያው ጋር አይገጥምም፤ ቀዳዳዎቹ በሶሌታው ላይ ይቆረጣሉ። ፎርምወርክ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ወዲያውኑ ያየዋል። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ስሕተት ልኬትን መርሳት ነው። ድግግሞሽን ዓይን ይለምደዋል፤ የተሳሳተ ልኬት ግን ሕንፃውን በሙሉ አሻንጉሊት ያደርገዋል።

ስለ ብርሃኑ ረዘም ብዬ ልናገር፤ በቂ ሲነገርለት አላየሁም። ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተደቡብ አንድ ዲግሪ ከሩብ ገደማ ላይ ትገኛለች። በመጋቢትና በመስከረም መጨረሻ ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት ትቆማለች። በዓመቱ ዝቅ በምትልበት በሰኔ ወር እንኳ የቀትር ከፍታዋ 65 ዲግሪ ነው። ለንደን ላይ በዓመቱ ከፍ የምትለው 62 ዲግሪ ያህል ነው። የናይሮቢ ዝቅተኛው ቀትር ከለንደን ከፍተኛው ይበልጣል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ ወደ 58 ትወርዳለች።

ይህ ለቋሚ ግድግዳ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። ፀሐይዋ ከአናት ስትሆን ብርሃኑ ግድግዳውን ታኮ ይወርዳል። እያንዳንዷ የአየር ቀዳዳ፣ እያንዳንዷ ሳንቃ ያስቀረችው ከንፈር ረጅም ጥላ ትጥላለች። ግማሽ ሚሊ ሜትር ጉብታ በሰሜን አውሮፓ ደመና ሥር አይታይም፤ እዚህ ቀትር ላይ ጎልቶ ይወጣል። እንግዲህ ለአውሮፓ ብርሃን የተስተካከለ ቴክስቸር ናይሮቢ ላይ ሲመጣ ወይ ከልክ በላይ ይሻክራል ወይ ይደበዝዛል። ኖርማል ማፕ ብቻውን ይህን አይችለውም፤ ጥላ የማይጥል ማታለያ ነውና። ለቅርብ እይታ ገጹን በእውነት የሚያነሣውና የሚጥለው ዲስፕሌስመንት ያስፈልጋል።

ሌላም አለ። በዚያ ሰዓት ግድግዳው ከፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው ብርሃን ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ከሰማዩና ከመሬቱ ተመልሶ ይመጣል። መሬቱ ደግሞ በምዕራብና በሰሜን ናይሮቢ ቀይ አፈር ነው። የበረንዳው ሥር፣ የሶሌታው ሆድ፣ የኮለኑ ታችኛ ክፍል ሮዝማ ቀይ ብርሃን ይይዛሉ። በስተምሥራቅና በደቡብ፣ ኢምባካሲ አካባቢ፣ መሬቱ ጥቁር መረሬ ስለሆነ ያው ግራጫ ኮንክሪት ቀዝቀዝ ብሎ ይታያል። ሕንፃውን በአረንጓዴ ሳር ላይ አስቀምጦ የሚሠራ ሰው ይህን ሁሉ ያጣል። የኮንክሪቱ ቀለም ስሕተት የመሰለው ነገር ብዙ ጊዜ የመሬቱ ስሕተት ነው።

ያው አፈር በዝናብም ይመጣል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት በሚዘንበው ረጅሙ ዝናብና ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በሚዘንበው አጭሩ፣ ጠብታው መሬት ሲመታ ቀይ ጭቃ ወደ ግድግዳው ይረጫል፤ ከሥር ጀምሮ እየሳሳ የሚወጣ ቀይ ቀበቶ ይሠራል። ላይኛው ደግሞ ውሃ መጣያ ከንፈር ከሌለው ከጣሪያው ዳር ጥቁር ምልክት ይወርዳል። ለሚቀጥለው ፎቅ ተብሎ የተተወ ፌሮ ዝገቱን በኮለኑ ላይ ያስለቅሳል፤ ይህ በአዲስ አበባም የታወቀ ነው። እርጥብ ኮንክሪት የሚጠቁረው ውሃው ቀዳዳዎቹን ሲሞላ ብርሃኑ ውስጥ ገብቶ ብዙ ስለሚመላለስና ስለሚዋጥ ነው፤ ላዩ ግን ይበልጥ ያንጸባርቃል። ስለዚህ ቀለሙን ብቻ አጥቁሮ ሸካራነቱን መተው እርጥበትን አይሰጥም፤ ሁለቱ አብረው መለወጥ አለባቸው። እነዚህ ሁሉ የማይደገሙ ናቸው፤ እያንዳንዱ የሚቀመጥበት ምክንያት አለው። የት እንደሚታዩ በሚወስን ጭምብል ምስል በላዩ ይደረባሉ፤ ሥሩ ያለውን ድግግሞሽም የሚደብቁት እነሱ ናቸው።

መሣሪያውና ምንጩ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ለድሃ ስቱዲዮ ቅርብ ነው። ብሌንደር የተባለው የሬንደር ሶፍትዌር ነፃ ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ግሬግ ዛል የመሠረተው ፖሊ ሄቨን ቴክስቸሮችን፣ ሞዴሎችንና ለሬንደሩ ብርሃን የሚሆኑ የሰማይ ፎቶዎችን ያለ ክፍያና ያለ ምንም ገደብ ይሰጣል፤ ከሰማዮቹ ብዙዎቹ የደቡብ አፍሪካ ናቸው። ይህ ትልቅ ውለታ ነው። ሆኖም ኬፕታውን ከምድር ወገብ 34 ዲግሪ ይርቃል፤ ፀሐይዋ የናይሮቢ አይደለችም። ኤፒክ ጌምስ በ2019 ከነሠሪው ኩባንያ የገዛው ሜጋስካንስ የተባለ ስብስብ ከእውነተኛ ገጽ የተቀዱ እጅግ ጥሩ ቁሶች አሉት፤ ሆኖም የቀዱት በሄዱበት ነው፤ ቀይ የጭቃ ቀበቶ ያለበትን የኪሌሌሽዋ አጥር እዚያ አታገኘውም።

በናይሮቢ ራሷ ሥራው ባዶ አይደለም። አንድሩ ካጊያ በ2011 ዋጌውዚ የተባለውን አጭር አኒሜሽን፣ በ2015 ደግሞ ከተማይቱን የጦር ሜዳ ያደረገውን ናይሮቢ ኤክስ የተባለ ጨዋታ አውጥቷል። እንዲህ ላለው ሥራ ትንሽ ስፌት አልባ ምስል የግድ ነው፤ የመሣሪያ ትውስታ ውስን ስለሆነ ድግግሞሹን ተቀብሎ መኖር ነው። በሌላው ጫፍ ካባጌ ካራንጃና ስቴላ ሙቴጊ በ2014 የመሠረቱት ኬቭ ቢሮ አለ። እነሱ የኬንያን ዋሻዎች በሌዘር ስካን ይለካሉ፤ ሥራቸው በ2021 በቬኒስ የአርክቴክቸር ትርኢት ቀርቧል። የዋሻ ግድግዳ የትኛውም ክፍሉ ከሌላው አይመሳሰልም፤ በተደጋጋሚ ምስል ሊሠራ ቢሞከር ዋሻነቱ ይጠፋል። ይህን ትዕግሥት ለከተማይቱ ኮንክሪት የሚሰጥ ቢገኝ እመኛለሁ። በ2022 የተከፈተው፣ ከምሎሎንጎ እስከ ዌስትላንድስ 27 ኪሎ ሜትር የሚዘረጋው ፈጣን መንገድ የቆመባቸው ምሰሶዎች ለመጀመር ጥሩ ናቸው። በአንድ ዓይነት ቅርጽ የፈሰሱ ናቸው፤ ድግግሞሻቸው እውነተኛ ድግግሞሽ ነው፤ የሚለያያቸው ዕድፋቸው ብቻ ነው።

እዚህ ላይ የእምነት ጉዳይ ይመለሳል። የከተማ ፕላን ምሁሯ ቫኔሳ ዋትሰን በ2014 ባሳተሙት የታወቀ ጽሑፍ በኮምፒውተር ምስል የሚተዋወቁትን አዳዲስ የአፍሪካ ከተሞች ገምግመዋል፤ በ2013 መሠረቷ የተጣለው የኬንያዋ ኮንዛ ከእነርሱ አንዷ ነበረች። በናይሮቢው አፐር ሂል ከ300 ሜትር በላይ ይሆናል የተባለው ፒናክል ግንብ በ2017 የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎለት ሳይቆም ቀርቷል፤ ምስሉ ግን አሁንም ይታያል። አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው ምስሉ እውነተኛ በመሰለ ቁጥር ማታለሉ ይብሳል ይላሉ። አልስማማም። የሚያታልለው ያለ ዕድፍና ያለ መጋጠሚያ የሚታይ፣ በየትም አገር ሊቆም የሚችል ሕንፃ ነው። ሁለት ዝናብ ያለፈበትን ግድግዳ የሚያሳይ ሬንደር ለገዢው ከማስታወቂያ በላይ ይነግረዋል፤ አርክቴክቱንም ውሃ መጣያውን እንዲያስብበት ያስገድደዋል።

ሰው ሠራሽ አእምሮ የሚያመነጫቸውን ቴክስቸሮች በጥቂቱ ልጥቀስ። በሰከንዶች ውስጥ ስፌት የሌለው ኮንክሪት ይሰጣሉ፤ ለሩቅ እይታ ይበቃሉ። ልኬት ግን የላቸውም፤ የሚሰጡትም በኢንተርኔት ላይ የሞላውን፣ በአብዛኛው የሌላ አገር የሆነውን ኮንክሪት አማካይ ነው። የፒክስሉ ብዛት ቢጨምር ይህ አይለወጥም።

የሚያስፈልገው በአገሩ የተነሣ ስብስብ ነው፤ ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቴክስቸር የሚነሣው ጥላ በሌለበት ብርሃን ነው፤ ናይሮቢ በሐምሌና በነሐሴ ቀኑን ሙሉ በደመና ተሸፍና ዝናቡ ግን ትንሽ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ወቅት አይገኝም። በእኛ አገር እነዚሁ ወራት ክረምት ስለሆኑ ግድግዳው እርጥብ ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ዝናቡ ከወጣ በኋላ ያሉትን ደመናማ ጠዋቶች መጠበቅ ይሻላል። ካሜራው ከግድግዳው ጋር ትይዩ ይሁን፤ የቀለም ካርድና መለኪያ በምስሉ ዳር ይግቡ። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር ተማሪዎችና ልደታ የሚገኘው የእኛው የሕንፃ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች በአንድ ክረምት ጥሩ ጅምር ሊያደርጉ ይችላሉ። አዲስ አበባ ላይ ነገሩ ያስቸኩላል፤ በ2024 ፒያሳ በፈረሰ ጊዜ በወጉ ያልተቀዳ ብዙ ግድግዳ አብሮ ሄዷል። የአርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽና ማዘጋጃ ቤት፣ የአንሪ ሾሜት ክቡ ባንክ፣ የዛልማን ኤናቭና የሚካኤል ቴድሮስ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ገጽታቸው ዛሬ በጥራት ሊቀዳ ይችላል።

ከእያንዳንዱ ምስል ጋር ግድግዳው ወደየት እንደሚያይ፣ ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ፎርምወርኩ ጣውላ ይሁን ፕላይውድ፣ የታወቀ ከሆነም የተሠራበት ዓመት ይጻፍ። የግድግዳው ታችኛው አንድ ሜትር ለብቻው ይነሣ፤ ናይሮቢ ላይ ሁለት ጊዜ፣ በየካቲት ዝናቡ ሳይገባና በሰኔ ቀዩ ጭቃ ከደረቀበት በኋላ።